«አቤት» ያላለው አኮርዲዮን

ጋሽ አሳንሰር ሊፍት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዝም ማለት ነው። ጆሮውን ወደ በሩ ዘንበል አድርጎ ገመዱ ሲወጠር፣ መንኮራኩሩ ሲዞር፣ በሩ ከበሩ ጋር ሲገጥም ያዳምጣል። አጠገቡ የቆመ ሰው ቢያወራው አይመልስም። ሊፍቱ ቆሞ በሩ ሲከፈት ነው ዞር ብሎ «ምን አልከኝ?» የሚለው። በሕንፃችን የምንኖር ሰዎች «ጋሽ አሳንሰርን ምድር ቤት ሰላም በለው፤ ጣሪያ ላይ ይመልስልሃል» እያልን ስንቀልድበት ኖረናል።

ሥራው የሊፍት ጥገና ነው። ሙያውን ያስተማሩት ሰውዬ አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርጸውበት ሄደዋል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሊፍት ወዲያው ለጥሪ አይመልስም። ሰው ቁልፉን ቢደበድብም፣ ቢሳደብም አይመልስም። አስቀድሞ የእያንዳንዱን ፎቅ በር መዘጋቱን ይፈትሻል፤ ቀስ ብሎ ምድር ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ማን ጠራኝ?» የሚለው። በሩ መዘጋቱን ሳያውቅ የሚንቀሳቀስ ሊፍት ሰው ይበላል። ጋሽ አሳንሰር ይህን ሕግ ከሊፍት አውጥቶ ወደ ኑሮው ሁሉ አመጣው። ከቤት ሊወጣ ሲል ምድጃውን፣ መስኮቱን፣ ቧንቧውን፣ ኪሱን ይዳስሳል። ሚስቱ ደረጃው ላይ ቆማ «የኛ ቤት ሊፍት ምድር ሳይነካ አይነሳም» ትላለች።

ታላቅ እህቱን የማውቃቸው ከእሱ በፊት ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። «እትዬ አኮርዲዮን» እንላቸው ነበር፤ ከኋላቸው ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊታቸውም። ቀይ አኮርዲዮን ነበራቸው፤ ከነጮቹ ቁልፎች አንዱ ጥጉ የተሸረፈ። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ የምንጋፋው ለዘፈኑ ብለን ብቻ አልነበረም። ወናፉ ተከፍቶ ሲዘጋ ፊታችን ላይ የሚደርሰው ቀዝቃዛ ነፋስ፣ የአሮጌ ቆዳና የአቧራ ሽታ ያለው፣ ለእኛ ብቻ የተላከ ይመስለን ነበር። ዛሬም አሮጌ ሻንጣ ስከፍት ያ ነፋስ ይመጣብኛል።

ከዓመታት በኋላ የእትዬ ግራ ትከሻ ታመመ። ቀኝ እጃቸው ደህና ነው፤ የግራ እጃቸው ጣቶችም ደህና ናቸው። ግን አኮርዲዮን በጣት ብቻ አይጫወቱትም፤ ወናፉን የሚስብና የሚገፋ ክንድ ይፈልጋል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ይቅርብዎ» አላቸው። አኮርዲዮኑ ከነሳጥኑ አልጋ ስር ገባ። እትዬም ማንጎራጎር ተዉ። ይህን ያየነው ሁላችንም ነን፤ ዝም ማለት ያልቻለው ግን ወንድማቸው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ምሳ በልተው ሲያወሩ የእህቱን ጣቶች አየ። የገበታው ጨርቅ ላይ ይጫወታሉ። ቀኙ ዜማውን፣ ግራው ወፍራሙን ድምፅ፣ ባሱን፤ እሳቸው ሳያውቁት።

«እቴቴ» አላት፣ «የታመመው ክንድሽ ነው እንጂ ጣትሽ አይደለም እኮ።»

«ታዲያ ጣቴን ቆርጬ ልስጥህ?»

«አኮርዲዮኑን ስጪኝ።»

ጋሽ አሳንሰር ከሊፍት የሚወጡ አሮጌ ካርዶችን እያጠራቀመ ማታ ማታ መነካካት ከጀመረ ቆይቷል። ከዚያ ለመማሪያና ለመዝናኛ የሚሸጡትን፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ማይክሮኮንትሮለር የሚባሉ ሰሌዳዎች አገኘ። ትንሽ ሰሌዳ ናት፤ አንድ ጫፏ ላይ የዩኤስቢ ገመድ ይሰካባታል። በውስጧ የሚጻፍላት ትእዛዝ፣ ፈርምዌር የሚሉት፣ ምን መሆን እንዳለባት ይነግራታል። ቴርሞሜትር ሁኚ ካላት ትሆናለች። የሙዚቃ መሣሪያ ሁኚ ካላትም ኮምፒውተሩ ዘንድ ሄዳ «እኔ የሙዚቃ መሣሪያ ነኝ» ትላለች። ሐሳቡ ይኼ ነበር፤ በእያንዳንዱ የአኮርዲዮን ቁልፍ ስር ትንሽ ማብሪያ መትከል፤ የወናፉን ሥራ ለእግር መስጠት፤ ድምፁን ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዲያወጣው ማድረግ። ለእግሩ የሚሆን ፔዳል ከተጣለ የልብስ ስፌት መኪና አገኘ።

«ሆዱን ልትቀደው ነው?» አሉት እትዬ፣ ሳጥኑን ከአልጋ ስር ሲጎትት።

«በብሎን ነው የምከፍተው። አይታመምም።»

«ሐኪሙም ትከሻዬን ሲያይ እንደዚያው ብሎኝ ነበር።»

የውስጡን የድምፅ ምላሶች አንድ ባንድ አውጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ የጋሽ አሳንሰር ቤት ገበታ ገበታ መሆኑ ቀረ። ሽቦ፣ ብየዳ፣ ትንንሽ ብሎን። ሚስቱ ወጡ ውስጥ ብሎን ተገኘ ብላ ሕንፃውን ሁሉ አስቃለች። ኮምፒውተሩን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ማከፋፈያ ሰክቶ በአንድ ዋና ማብሪያ ያበራቸዋል፤ ይህም የሊፍት ልማድ ነው። ማብሪያውን ቀጭ ሲያደርግ ሽማግሌው ኮምፒውተር እያቃሰተ ይነሳል፤ አኮርዲዮኑ ላይም አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። መብራቷ የምትነግረው አኮርዲዮኑ ራሱን እየፈተሸ መሆኑን ነው፤ ቁልፎቹን በተራ እየጠየቀ፣ አንዱም ተጣብቆ አለመቅረቱን እያረጋገጠ። መጀመሪያ የጮኸ ቀን በሩን ከፍቶ ደረጃው ላይ «መጣ! መጣ!» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ መብራት የመጣ መስሎት ወጣ።

እትዬ ግን ጭናቸው ላይ አላስቀመጡትም። የድሮ ተማሪዎቻቸው በትምህርት ቤቱ አሮጌ አዳራሽ ልንሰበሰብ፣ እሳቸውን ልናመሰግን ቀጠሮ ይዘን ነበርና ወንድማቸውን እንዲህ አሉት፦ «እዚያ አምጣው። ከሠራ እጫወታለሁ። ሰው ፊት ዝም ካለ ግን ጨርሻለሁ። ለትምህርት ቤቱ እሰጠዋለሁ፤ መስታወት ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛ እጄ ላይ እንዳታመጣው።»

ሳይሠራ ቀርቶ ሰው ፊት ከማፈር ሌላ ነገር ነበረበት። እንደገና ተስፋ አድርጎ እንደገና መተው። እሳቸው አላሉትም፤ እኛ ግን ገባን።

የቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀድመን ደረስን። ሳጥኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አዳራሹ ያው ነው፤ መድረኩ አሁን ጉልበቴ ድረስ ብቻ ይመጣል፤ ያኔ ተራራ ነበር። የድምፁን ሥራ የያዘችው አብራን የተማረች ሴት ናት። ክፍል ውስጥ «ጩኸት» እንላት ነበር፤ አሁን በዚያው እንጀራዋን ትበላለች። ከመድረኩ ጎን ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ዘርግታ የሙዚቃውን፣ የመብራቱንና የፎቶውን ነገር ሁሉ በእሱ ታዝዛለች።

ጋሽ አሳንሰር ገመዱን አመጣና ሰካ። አኮርዲዮኑ ላይ አረንጓዴዋ ብልጭ ብልጭ አለች። ስክሪኑ ላይ ደግሞ «መሣሪያው አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«አልታወቀም?» አሉ እትዬ ከወንበራቸው። «የሰፈሩ ሰው በሙሉ ያውቀዋል!»

ሳቅን። ጋሽ አሳንሰር አልሳቀም። ነቅሎ ሰካው። አልታወቀም።

«ገመዱ ይሆናል» አለች ጩኸት። «አንዳንዱ ገመድ እኮ ስልክ መሙያ ብቻ ነው። ኃይል ያሳልፋል፤ ወሬ አያሳልፍም። እንደ እኔ ባል።» ከቦርሳዋ ወሬ የሚያሳልፍ ገመድ አወጣች። አልታወቀም። በሌላኛው ጎን ቀዳዳ ተሰካ። አልታወቀም። መጠባበቂያ ላፕቶፗ ላይ ተሞከረ፤ እሱም አላውቀውም አለ።

«ቤት ሲሠራ ነበር» አለ ጋሽ አሳንሰር፣ ለማንም ሳይሆን። «ጠዋት ሠርቷል።»

የጀርባውን ክዳን ፈታ። መብራት አብርቼ ያዝኩለት። ብየዳው እንደ ጤዛ ያበራል፤ የተላቀቀ ሽቦ የለም። ማታ ማታ ገበታ ላይ የተሠራ ሳይሆን ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እትዬ ጎንበስ ብለው የአኮርዲዮናቸውን ሆድ አዩና ፊታቸውን መለሱ። እጃቸው ቀሚሳቸው ላይ ነበር፤ ጣቶቻቸው አይንቀሳቀሱም።

«የኔ መድኃኒት አንድ ነው» አለች ጩኸት። «አጥፍቶ ማብራት። ሰዉ ሳይገባ ልሞክረው።» ገመዱ እንደተሰካ ላፕቶፗን አጥፍታ አበራች። ስክሪኑ ተመለሰ። ከዚያ ጩኸት ስሟን አስመሰከረች፦

«ታወቀ! ታወቀላችሁ!»

እትዬ ሳያስቡት እጃቸውን ሰደው አንዱን ነጭ ቁልፍ ተጫኑ። ጋሽ አሳንሰር ፔዳሉን በእጁ ተጫነላቸው። ከአዳራሹ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ያ የማውቀው የአኮርዲዮን ድምፅ ወጣ፤ ሰፊ፣ ትንሽ የሚያንቀጠቅጥ። ጀርባዬን ነዘረኝ። እትዬ እጃቸውን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰቡና «ውይ!» አሉ። ከዚያ እንደገና ተጫኑት።

«ወደ መድረክ እንውጣ፤ ቦታዬን ልልመደው» አሉ ብድግ ብለው። የልጅነት ችኮላ ነበር በእግራቸው ውስጥ። አኮርዲዮኑን አንስቼ ስከተላቸው ገመዱ ተወጠረና ከላፕቶፑ ተነቀለ። መልሰን ሰካነው።

መሣሪያው አልታወቀም።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ፤ የድሮ ተማሪዎች መግባት ጀመሩ። መላጣዎች፣ ባለ መነጽሮች፣ እርስ በርስ እየተያዩ «አንተ ነህ?» የሚባባሉ። የድሮ ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ይፈራረቁ ጀመር፤ ለስላሳ ሙዚቃም ተከፈተ።

«በቃ፣ አሁን አላጠፋውም» አለች ጩኸት። «ይኼ ላፕቶፕ ከጠፋ አዳራሹ ይጨልማል። ገመድ በተነቀለ ቁጥር ሰው ላጨልም ነው?»

ጋሽ አሳንሰር መልስ አልሰጣትም። ሊፍት ውስጥ እንደሚቆመው ቆመ፤ ጆሮው ዘንበል፣ ዓይኑ የትም። ሰዎች ትከሻውን እየነኩ ሰላም ይሉታል፤ አይሰማም። ከዚያ ድንገት ክንዴን ያዘኝ።

«ንቀለውና እንደገና ስካው። ስክሪኑን እንዳታይ። መብራቷን እይ።»

ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። መብራቷ ገና ብልጭ እያለች ጩኸት ስክሪኑን አይታ «ይኸው፣ አልታወቀም» አለች።

«አየህ?» አለ ጋሽ አሳንሰር፣ ድምፁ እየጨመረ። «አሁንም ብልጭ እያለች ነው እኮ! ኮምፒውተሩ ሲሰካ ‹ማን ነሽ?› ይላታል። እሷ በር እየፈተሸች ነው። ደግሞ ይጠይቃታል፤ እሷ ገና ባሱ ላይ ናት። ደግሞ ይጠይቃል። ማን የሌለበት ቤት ያንኳኳል? ተስፋ ቆረጠና ሄደ! ቤት የኔ ሽማግሌ ኮምፒውተር ሲነሳ ስለሚያቃስት፣ እሱ ዓይኑን እስኪገልጥ እሷ ጨርሳ ትጠብቀዋለች። ቅድም ሲጠፋና ሲበራም ያው ነው። በሽታው የለም፤ ሰሌዳዋም፣ ብየዳውም ደህና ነው! ሰዓቱ ነው! ሰዓቱ!»

ጩኸትን አቀፋት። ሰላሳ ዓመት ሳይዘገይ ሰላም ያላለ ሰው ሴት አቅፎ ሲዘል ማየት ብቻውን ትልቅ ትርኢት ነበር።

«እሰይ» አለች፣ ከእቅፉ እየወጣች። «ፍተሻውን አውጣዋ።»

ያኔ ፊቱ ጨለመ። «አይወጣም።»

«ለምን?»

«አንዱ ቁልፍ ተጣብቆ ቢሆንስ? ገና ሲነሳ አዳራሹን ሙሉ ሲጮህ ይቀራል፤ እቴቴ ጭን ላይ፣ ሰው ፊት። ሳይፈተሽ አይመልስም። እንደዚያ አይሠራም።»

«ጋሼ» አልኩት፣ «ይኼ ሊፍት አይደለም፤ ሰው አይጭንም።»

«እሷን ይጭናል» አለ።

እትዬ ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ሆነው በዚያ የክፍል ድምፃቸው፣ ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾክን ልጅ በሚያነቃው፣ ተናገሩ።

«አንተ ልጅ።»

ዞረ።

«ትንሽ ሆነህ ስጠራህ ምን ታደርግ ነበር? የያዝከውን ሳትጨርስ አትመልስም። ጫማህን ፈልገህ፣ አስረህ፣ ኳስህን ደብቀህ። እኔ መንገድ ላይ ድምፄ እስኪዘጋ ስጮህ። ምን ብዬ ነው የገረፍኩህ?»

ጋሽ አሳንሰር አንገቱን ደፋ። የስድሳ ዓመት ሰው አንገት ነው የደፋው። «ሲጠሩህ ‹አቤት› በል፤ ከዚያ ጫማህን ፈልግ» አለ።

«እህ። እኔን ያቃጠልከኝ አንሶ ይኼን ምስኪን አኮርዲዮንም እንደ ራስህ አድርገህ አሳደግከው? አቤት ይበል። ጫማውን እያሰረም ቢሆን አቤት ይበል።»

ጋሽ አሳንሰር አፉን እንደከፈተ አያቸው። ከዚያ «እያሰረ» አለ ቀስ ብሎ። «እያሰረ… እያሰረ! አንዱን ቁልፍ ይፈትሻል፤ ‹አቤት› ይላል። ሌላውን ይፈትሻል፤ ‹አቤት› ይላል። ፍተሻው አይወጣም፤ ይቆራረጣል! ጨርሶ ንጹሕ እስኪሆን ድምፅ አያወጣም፤ መልስ ግን ይሰጣል!» የሊፍት መሣሪያ የሚይዝበትን ቦርሳ ከፍቶ የራሱን ላፕቶፕ አወጣና መድረኩ ጥግ ላይ ቁጭ አለ።

አዲሱን ትእዛዝ ሰሌዳዋ ላይ ለመጫን ገመዱ በሚሰካበት ሰዓት በላይዋ ያለችውን የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ያቺ ቁልፍ ከአኮርዲዮኑ ሆድ ጥግ ውስጥ ናት፤ የጋሽ አሳንሰር ጣት አይደርስባትም። መፍቻውም ወፍራም ነው። እትዬ ምንም ሳይሉ ከፀጉራቸው ስር ቀጭን መርፌ መሰል መያዣ መዘው ሰጡት። ነጭ ፀጉራቸው በአንድ ጎን ወረደ።

ጩኸት ማይክ ይዛ ሰዉን ታቆያለች። ዓይናችን የማይነቀልበትን አሮጌ ደወል፣ በመዝሙር ሰዓት ምሳውን የሚበላውን ልጅ እያነሳች «እሱ ዛሬ የት እንዳለ ብነግራችሁ አታምኑም» ትላለች፤ አዳራሹ ይስቃል። እኔ ጉልበቴ ላይ ሆኜ መብራት ይዣለሁ፤ የጋሽ አሳንሰር ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ይሮጣሉ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ተሳሳተና ሰሌዳዋ ጭራሽ ድምጿን አጠፋች። እሱ ግን ስህተቱን አየው፤ «አቤቱን ረስቼው ነው» አለና አስተካከለ። በፀጉር መያዣዋ ተጭኖ እንደገና ሰካ።

ክዳኑን ሳንገጥም ገመዱን ለጩኸት ላፕቶፕ ሰጠነው። መሣሪያው ተነሳ፤ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች፤ መብራቷ ፍተሻዋን ሳትጨርስ ስክሪኑ ላይ አዲስ ስም ብቅ አለ። ጋሽ አሳንሰር ለሰሌዳዋ ያወጣላት ስም ነበር፦ «እቴቴ»።

ንግግሩን አቋርጣ ጩኸት በማይኩ «ታወቀች!» አለች። ሰዉ ምኑ እንደታወቀ ሳያውቅ አጨበጨበ።

ያኔ አረንጓዴዋ ቀይ ሆነች። ሁላችንም ደነገጥን፤ ጋሽ አሳንሰር ግን ፈገግ አለ፣ ልክ ነኝ እንዳለ ሰው ሳይሆን፣ ልጁ የመጀመሪያ ቃሉን ሲናገር እንደሰማ አባት። «አንድ ቁልፍ ተጣብቋል። ከባሱ ናት።»

እትዬ ሳያዩ ጣታቸውን ሰደዱ፤ ታችኛው ረድፍ ላይ አንዷን ከጎን ኮርኮር አደረጓት። «ይቺ ድሮም ስትጓዝ ታኮርፋለች» አሉ። መብራቷ አረንጓዴ ሆና ጸናች።

ተቀመጡ። ማንጠልጠያውን በቀኝ ትከሻቸው ብቻ አደረጉ፤ ግራው ነፃ ሆኖ ወረደ። እግራቸው ፔዳሉን ፈለገ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ፣ ቀስ እያለ የሚያድግ፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ክፍል ስንገባ የሚጫወቱልን ዜማ። ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ወደ ፊት ጠጋ ሲሉ አየሁ። ምን እንደሚጠብቁ አወቅኩ፤ እኔም ጠጋ ብያለሁ። ነፋሱ ግን አልመጣም። ወናፉ ተዘግቶ ተኝቷል። ለአንዲት ቅጽበት ያ አሮጌ ሽታ የጎደለ መሰለኝ፤ ከዚያ የእትዬን ፊት አየሁና ነፋሱን ረሳሁት። ያ ፊት ለስንት ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር ያወቅነው ሲመለስ ነው።

ሁለተኛውን ዜማ ሲጀምሩ ፔዳሉ በሚያንሸራትተው የመድረክ እንጨት ላይ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ከእግራቸው ራቀ። ድምፁ መድከም ጀመረ። እትዬ ጣቶቻቸውን ሳያቆሙ፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት፣ በክፍል ድምፃቸው ጠሩ፦

«አንተ ል—»

«አቤት!» አለ ጋሽ አሳንሰር።

ቃሉን ሳይጨርሱ ነው የመለሰው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጫማ ያደረገው በአንድ እግሩ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ተንበርክኮ ክዳኑን ሲገጥም አውልቆት ኖሯል። እንደዚያው እየዳኸ መድረኩ ላይ ወጣና ፔዳሉን ወደ እህቱ እግር ስር ገፋው፤ በሁለት እጁም ይዞት ዜማው እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጠ።